ትዝታዋን የት ጥለሃት መጣህ?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ሁለት ወጣት ሙዚቀኞች ሲያወሩ ሰማሁ። «የኛ ሰው ጃዝ አይገባውም ባክህ» አለ አንደኛው። ፈገግ አልኩ። በእሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ያኔ እዚያው ፒያሳ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሳክስፎን እነፋ ነበር። አንድ ምሽት በትዝታ ቅኝት ስንጫወት ሶሎ፣ ማለትም ብቻዬን የምነፋበት ተራ፣ ደረሰኝ። ዓይኔ አድማጩ ላይ አልነበረም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ላይ ነበር። እሱን ላስደንቅ ብዬ ከቅኝቱ ወጣሁ። ጣቴ እስኪዝል ሮጥኩ። ቤቱ ወሬውን ቀጠለ። «አይ ሕዝብ!» እያልኩ ስወጣ ዘበኛው በሩ ላይ አገኙኝ። ካፖርታቸውን የደረቡ አዛውንት ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ትዝታዋን የት ጥለሃት መጣህ?» አሉኝ።

አፈርኩ። ትዝታ አምስት ድምፅ ናት። እኚህ ሰው ኖታ አያነቡም፤ አምስቱን ግን ከእናታቸው እንጉርጉሮ ጀምሮ ያውቋቸዋል። ስድስተኛ እንግዳ ሲገባ ወዲያው ይሰማቸዋል። (እንግዳ አይግባ ማለቴ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አስማምቶ አሳይቶናል። ትዝታዋን ግን መንገድ ላይ አልጣላትም።)

ካላመናችሁኝ አዝማሪ ቤት ሂዱ። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል። አዝማሪው በአንድ ክር ማሲንቆ እየተቀበለ ያዜመዋል። ግጥሙ የአድማጩ ነው እኮ! ሰሙ አልፎ ወርቁ ብቅ ሲል ቤቱ በአንዴ ይስቃል፤ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም። ይህን ሰው ነው «አይገባውም» የምትሉት?

እርግጥ ጭራሽ የማይሰማም አለ። ሞቅ ብሎት አንዱን ዘፈን ሦስቴ ያዛል። አትቀየሙት፣ የመጣው ሊጠጣ ነው። እኔን የሚያናድደኝ «ሕዝቡ የሚፈልገው ጭፈራ ብቻ ነው» እያለ አንድ ምት ሌሊቱን ሙሉ የሚደበድበው ሙዚቀኛ ነው። እሱም እንደ እኔ አድማጩን ንቋል፤ ልዩነቱ እሱ ብር ያገኝበታል።

ከዚያ ምሽት በኋላ በእረፍት ሰዓት ወደ በሩ መውጣት ለመድኩ። አዛውንቱ አንድም ቀን አሞግሰውኝ አያውቁም። ጥሩ ከነፋሁ ዝም ይላሉ። ካበላሸሁ ስለ ብርዱ ያጫውቱኛል።