ቁጥር የሌለው የውድድር መኪና ሻንሲ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ የምተዳደረውም በአውቶቡስ ጥገና ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው በመጋዘናቸው ተቀምጦ የነበረውን የድሮ የውድድር መኪና ሻንሲ በትንሽ ገንዘብ ሸጡልኝ። ሟቹ በሕይወት ሳሉ የ1969 መርሊን ማርክ 11ኤ መሆኑን ነግረውኝ ነበር። በእጄ ያለው ከብረት ቱቦ የተሠራው ሻንሲ፣ ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች፣ መሪው፣ የነዳጅ ታንከሩና ሁለት ቸርኬ ነው። ሞተር፣ ካምቢዮና ቦዲ የለውም። የሻንሲ ቁጥር የተጻፈበት ሳህንም ከቦታው የለም፤ ሳህኑ የታሰረባቸው የሪቬት ቀዳዳዎች ብቻ ይታያሉ። ልጄ ሠርተን እንወዳደርበት ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ከኋላ ቆርጠህ የሞተር ሳይክል ሞተር ግጠምበት ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ጋራዡን ስለያዘብን ይሸጥ ባይ ናት። ምን ትመክሩኛላችሁ? አንባቢያችሁ፣ ከኤሴክስ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው አይሥሩት፣ አይቁረጡት፣ አይሽጡትም። ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ሻንሲው የየትኛው መኪና እንደነበረ ማጣራት ይኖርብዎታል፤ ምርጫው የሚወሰነው በዚያ ነውና።

የሞተሩና የካምቢዮው መጉደል እንደሚመስለው አሳሳቢ አይደለም። መርሊን ማርክ 11ኤ የተሠራለት ፎርሙላ ፎርድ የተባለው የባለ አንድ ወንበር መኪኖች ውድድር እ.ኤ.አ. በ1967 በብሪታንያ የተጀመረው ወጣቶች በአነስተኛ ወጪ እንዲወዳደሩ ታስቦ ስለነበር፣ መኪኖቹ የተሠሩት በአብዛኛው ከተራ የመንገድ መኪኖች በተወሰዱ ዕቃዎች ነው። ሞተሩ ኮርቲናና ኤስኮርት የተባሉትን የፎርድ የመንገድ መኪኖች ያንቀሳቅስ የነበረው 1600 ሲሲ የፎርድ ኬንት ሲሆን፣ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል። ካምቢዮው በፎልክስዋገን ቢትል ካምቢዮ ቤት ላይ ተመሥርቶ ሂውላንድ በተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የተሠራ ነው። ውድ ቢሆንም ይገዛል፤ ፋብሪካውም ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ቦዲውን በፋይበር ግላስ የሚያወጡ ባለሙያዎችም አሉ። እንግዲህ ከጎደለዎት ሁሉ ገንዘብ የማይገዛው ያቺን ትንሽ ሳህን ነው።

ይህን የምንልበት ምክንያት በዚያ ዘመን ጋራዦች ይሠራበት ከነበረ ልማድ የመጣ ነው። አንድ ተወዳዳሪ ተጋጭቶ ሻንሲው ሲጣመምበት፣ ከፋብሪካው አዲስ ሻንሲ ይገዛና ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ቦዲውን፣ ብዙ ጊዜም የቁጥር ሳህኑን ነቅሎ ወደ አዲሱ ያዛውር ነበር። የተጣመመው ሻንሲ መጋዘን ጥግ ላይ ይጣላል፤ መኪናዋ ግን በዚያው ቁጥር መወዳደሯን ትቀጥላለች። የእርስዎ ሻንሲ ሞተርም፣ ቦዲም፣ ሳህንም የሌለው መሆኑ ይህ ዕጣ ሳይደርሰው እንዳልቀረ ያስጠረጥራል። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ ቁጥሩ ዛሬ በሌላ ሰው መኪና ላይ አለ ማለት ነው። የሻንሲው ብረት ጥንታዊ መሆኑ ብቻ እርስዎን የዚያ ቁጥር ባለቤት አያደርግዎትም።

በዚህ ጉዳይ በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1990 የተሰጠ አንድ ውሳኔ ሊጠቅምዎ ይችላል። በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የለማን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችውን የቤንትሌይ ስፒድ ሲክስ መኪና ለመግዛት በ10 ሚሊዮን ፓውንድ የተስማማ ገዢ፣ ከመጀመሪያው አካሏ የቀረው ጥቂት ስለሆነ እውነተኛዋ አይደለችም ብሎ ከውሉ ለመውጣት ተከራከረ። ዳኛው ግን ለሻጩ ፈረዱ፤ ዕቃዎቿ በየጊዜው ቢለወጡም የመኪናዋ ሕይወት ያለማቋረጥ የቀጠለ መሆኑን ተቀብለዋል። የእርስዎ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብረቱ አለ፣ የታሪኩ ክር ግን ተበጥሷል። ያንን ክር ፈልጎ ማግኘት ወይም አለመገኘቱን በቅንነት መቀበል ይኖርብዎታል።

ፍለጋውን ከሟቹ ባለቤት ይጀምሩ። የድሮ ፎቶግራፎች፣ የውድድር ፕሮግራሞች፣ የግዢ ደረሰኞች፣ የዕቃ ማዘዣ ደብዳቤዎች በየካርቶኑ ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲጸዳ በመጀመሪያ የሚጣሉት እነዚህ ናቸውና አይዘግዩ። መርሊኖቹ የተሠሩት እዚያው በእርስዎ ክፍለ ግዛት፣ በኮልቸስተር፣ ኮልቸስተር ሬሲንግ ዴቨሎፕመንትስ በተባለው ድርጅት ስለሆነ፣ በአካባቢው የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ከሌላው አገር ይልቅ ለእርስዎ ይቀልዎታል። ኤመርሰን ፊቲፓልዲና ጆዲ ሼክተር የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ከመሆናቸው በፊት ይህንኑ ዓይነት መኪና መንዳታቸው ይታወቃል፤ ስለዚህም አንዳንድ ሻጮች ያለ ማስረጃ የእነርሱን ስም ያነሣሉ። እርስዎ ይህን እንዳያደርጉ አጥብቀን እንለምንዎታለን።

ሻንሲውን በአሸዋ ግፊት ለማስጠረግ አይቸኩሉ። ከላይኛው ቀለም ሥር ያሉት የቀለም ድርብርቦችና የቆዩ የተወዳዳሪ ቁጥሮች ከፎቶግራፍ ጋር የሚመሳከሩ ማስረጃዎች ናቸው። ከዚህም ሌላ የዚያ ዘመን ቱቦ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ውፍረት ያለው ስለሆነ፣ ኃይለኛ የአሸዋ ግፊት ከዝገቱ ጋር ደህናውንም ብረት ይበላዋል። ይልቁንም ሻንሲውን በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ክንዶቹ የሚታሰሩባቸውን ነጥቦች ቀኝና ግራ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘንም ይለኩ፤ የቱቦዎቹን ውፍረት ደግሞ በአልትራሳውንድ መለኪያ ያስፈትሹ። ቀኝና ግራው ካልተመሳሰለ ከላይ የጠቀስነው ጥርጣሬ ይበረታል። የብየዳ ሙያ ቢኖርዎትም አንድ ነገር ልናስታውስዎ እንወዳለን፤ የዚያን ጊዜ ሻንሲዎች ብዙዎቹ መገጣጠሚያቸው በነሐስ የተበየደ ነው። በዚያ ላይ በዘመናዊ የኤሌክትሪክ ብየዳ ሲሠራ የቀለጠው ነሐስ ወደ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ስለሚሰነጥቀው፣ ጥገናውን ለዚሁ ሥራ ባለሙያ ይተዉት።

የባልደረባዎን ሐሳብ አንደግፍም። የተቆረጠ ሻንሲ በታሪካዊ ውድድር ተቀባይነት አያገኝም፤ ሌላ መርሊን ለሚጠግን ሰውም ናሙና መሆኑ ያበቃል። የልጅዎ ምኞት ግን ሊሆን የሚችል ነው። በብሪታንያ ታሪካዊው የፎርሙላ ፎርድ ውድድር እስከ 1971 መጨረሻ የተሠሩ መኪኖችን ስለሚቀበል የ1969 መርሊን በዘመኑ ረገድ ይገባል። ይሁንና አንድ ፓውንድ ከማውጣትዎ በፊት ቁጥሩ ያልታወቀ ሻንሲን እንደሚቀበሉና በምን ሁኔታ እንደሚቀበሉ ውድድሩን የሚያዘጋጀውን ክለብ በጽሑፍ ይጠይቁ። ምላሹ ጥሩ ከሆነና ልኬቱም ሻንሲው ቀጥ ያለ መሆኑን ካሳየ፣ ከልጅዎ ጋር በርትተው ይሥሩት ብለን በሙሉ ልብ እንመክራለን። አዲስ የቁጥር ሳህን አስቀርጾ መለጠፍ ግን በምንም ምክንያት አይገባም።

ሻንሲው የተጣመመ ከሆነ፣ ቁጥሩም ካልተገኘ፣ ባለቤትዎ እንዳሉት መሸጡ ይሻላል። ሲሸጡ ከነክንዱና ከነመሪው ሳይበታትኑ፣ «የመርሊን ማርክ 11ኤ ዓይነት ሻንሲ፣ ቁጥሩ ያልታወቀ» ብለው፣ የልኬቱን ውጤትና ያገኙትን ወረቀት ሁሉ አያይዘው ይስጡ። የመኪናውን ልክ የሚፈልግ ሌላ የመርሊን ባለቤት ከማንኛውም ነጋዴ የተሻለ ገዢ ይሆንዎታል። እስከዚያ ድረስ ሻንሲውን ግድግዳ ላይ ሳያስደግፉ በአራት ማዕዘኑ እኩል ተደግፎ እንዲቀመጥ ያድርጉ፣ ቀለም የለቀቀውን ብረትም በስሱ ዘይት ይቀቡት። በአሮጌው የነዳጅ ታንከር አጠገብ ደግሞ በውስጡ የሚቀጣጠል የነዳጅ ትነት ሊኖር ስለሚችል ምንም ዓይነት የብየዳ ሥራ እንዳይሠራ።