አስተርጓሚው ያላየው መጨረሻ

ልጆች፣ ባለፈው ቅዳሜ ዋሽቻችኋለሁ።

ፊልም እያየን ሳለ መብራት የጠፋ ጊዜ ነው። አንሶላው ላይ የነበረው ሥዕል ድርግም አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ያው ጅማ ናት። ሁላችሁም ስልካችሁን አወጣችሁ። አንዷ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ከ1975 አንድ ፊልም ብቻ ይምረጡ ቢባሉ የቱን ይመርጣሉ?» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና «ዴርሱ ኡዛላ» አልኳት። ከዚያም ማን ያቁመኝ። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኩሮሳዋ ሶቪየት ኅብረት ድረስ ሄዶ በሩሲያኛ እንደሠራው፣ በሞስኮ ፌስቲቫልም በኦስካርም እንደተሸለመ፣ ስለ አንድ የሳይቤሪያ ጫካ አዳኝ እንደሆነ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላችሁ። ጭንቅላታችሁን ነቀነቃችሁ። እኔም ደስ አለኝ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ፊልሙ ግሩም ነው፤ እሱን አልክድም። ግን የእኔ ፊልም አይደለም። የእኔ የ1975 ፊልም ሾላይ ነው። የህንዱ። ዘፈን ያለበት፣ ፈረስ ያለበት፣ ሽፍታው የሚስቅበት። ይህን ለመናገር አፍሬ ነው። በ66 ዓመቴ፣ የልጅ ልጆቼ ከምትሆኑ ልጆች ፊት! የማፍርበት ምክንያት ደግሞ ከፊልሙ ጋር ምንም አያገናኘውም። ከአንድ ሰው ጋር ነው የሚያገናኘው።

ወደ ሰውዬው ከመግባቴ በፊት ስለ ዓመቱ ልበል። እናንተ «1975» ስትሉ የፈረንጁን ነው። በእኛ አብዛኛው 1967 ላይ ይውላል። 1967ን የእኔ ዘመን ሰው የሚያውቀው በፊልም አይደለም። የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ታወጀ። ነሐሴ 21 ንጉሡ ሞቱ። ሾላይ ህንድ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ከዚያ 12 ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 9 ነው። እኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ህንድ ውስጥም ሰኔ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ነበር። ይህን አዋጅ ልብ በሉት፣ እመለስበታለሁ።

የ1975 ምርጥ ፊልሞች ብላችሁ ያወጣችሁትን ዝርዝር ሳላደንቅ አላልፍም። አንዱ ሰው በላ ዓሣ ያለበትን የስፒልበርግን ጆውስ አመጣ። የብረቱ ዓሣ ጨው ውኃ ሲነካው እየተበላሸ ስላስቸገረ ዓሣውን ብዙ ሳያሳዩ እንደቀረፁት ነገረን። የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። አንዱ የሴኔጋሉን የሴምቤንን ሃላ አመጣ። ሌላው ከአፍሪካ መጀመሪያ የካንን ትልቁን ሽልማት የወሰደውን የአልጄሪያ ፊልም። አንዷ ደግሞ ዣን ዲልማንን። ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሴትዮዋ ድንች ስትልጥ። ሻንታል አከርማን ስትሠራው 25 ዓመት አልሞላትም ነበር። በፈረንጁ 2022 የእንግሊዙ የፊልም መጽሔት የሳይት ኤንድ ሳውንድ ሃያስያን ከፊልም ሁሉ አንደኛ አሉት። እኔ አንቀላፋሁበት። ባለቤቴ ግን ዓይኗን ሳትነቅል ጨረሰችውና «ይሄ እኮ የኔ ማድቤት ነው» ብላኝ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ብዙም አላናገረችኝም።

አንዱ ልጅ ደግሞ የኃይሌ ገሪማን ምርት ሦስት ሺህ ዓመት ጨመረ። እኔም ቶሎ ብዬ «እሱ የ1976 ነው፤ ይውጣ» አልኩት። ልጁ ኩም አለ። በኋላ እቤቴ ተቀምጬ ሳስበው ያ የልጁ ፊት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ፊቱን አውቀዋለሁ። ከ46 ዓመት በፊት አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሰውዬው።

ጓደኛዬ ነበር። ሰፈሩ «አስተርጓሚው» ይለዋል። ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ፊልም ቤት ገብቶ ግን ለጎን ለጎኑ ሰው ያስተረጉማል። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታው የህንዱ ተዋናይ የአሚታብ ባቻን ድምፅ ጭራሽ አይሰማም፤ ያኔ እሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ፊልሙ ሲበጠስ ሰው ያፏጫል፣ ጠርሙስ ይንከባለላል፣ እሱ ብድግ ብሎ «እስኪቀጥሉት ድረስ እኔ ልቀጥል» ይላል። አንዳንዴ ፊልሙ ተቀጥሎ ሲመጣ ሰው «ቆይ ይጨርስ!» እያለ ይጮህ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ።

ሥራው ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ነው፤ ጆንያ ይመዝናል። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም። ገንዘቡም የለም፣ ጊዜውም የለም፣ ለሴት ነውርም ነበር። ስለዚህ እሱ ነው ፊልም ቤታቸው። በምሳ ሰዓት ጆንያ ላይ ይወጣና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ይተርካል። ዘፈኑን ሳይቀር። ግጥሙን ራሱ ነው የሚገጥመው። የህንዱ ፍቅረኛ ስለ አዌቱ ወንዝ ሲዘፍን ሰምቼ አውቃለሁ።

ሾላይ ጅማ የመጣው በእኛ በ1972፣ ቡናው በሚደርስበት ኅዳር ላይ ነበር። ሁለታችን አብረን ገባን። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው። ያን ቀን ሁለቴ ተበጥሶ የበለጠ ረዘመ። ጓደኛዬ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ነው፤ ሰዓት እላፊ ሳይገባ መጋዘን መድረስ አለበት። ከሁለቱ ጀግኖች አንዱ፣ ጃይ፣ ቆስሎ ሲሞት ቤቱ ሙሉ ሲያለቅስ፣ እሱም ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ ተነሳ። «መጨረሻውን ትነግረኛለህ» ብሎኝ ወጣ። የእኛ ቤት ከፊልም ቤቱ ጀርባ ስለነበር እኔ ጨረስኩት።

ፊልሙን ላላያችሁት፦ ታኩር የሚባል የቀድሞ ፖሊስ አለ። ሽፍታው ጋባር ሲንግ ቤተሰቡን ፈጅቶበታል፤ የራሱንም ሁለት እጆች ቆርጦታል። እሱን ለመያዝ ሁለት ሌቦች ይቀጥራል። መጨረሻ ላይ ታኩር እጅ ሳይኖረው፣ ሚስማር በተመታበት ጫማው ጋባርን ይረጋግጠዋል። ልክ ሊገድለው ሲል ፖሊሶች ደርሰው «ተው፣ ለሕግ ስጠው» ይሉታል። እሱም ይሰጣል። እኔ ያየሁት ይህንን ነው።

በማግስቱ ለጓደኛዬ አልነገርኩትም። አዲስ አበባ የራጅ ሥልጠና ልገባ ወረቀት የማሯሯጥበት ጊዜ ነበር። ረሳሁት።

ከወራት በኋላ ለእረፍት ከአዲስ አበባ መጣሁ። ያኔ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ሥልጠናው «ያላየኸውን አትጻፍ» ይላል። የራጁ ፊልም ላይ ጥላ ካለ ጥላ አለ በል፤ ከሌለ የለም በል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ የባህል ማዕከል የሚያሳየውን የሶቪየት ፊልም እናያለን። ዴርሱ ኡዛላንም ያየሁት እዚያ ነው። የህንድ ፊልም የሚወድ ሰው ሳይ ከንፈሬን አጣምም ጀመር።

ማበጠሪያው ጋ ሄድኩ፣ ልጠይቀው። ምሳ ሰዓት ነበር። ጆንያ ላይ ቆሟል። ሃያ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ቡናው ጭናቸው ላይ እንዳለ እጃቸው ቆሟል። ሾላይን ነበር የሚተርከው። መጨረሻው ላይ ደርሷል።

«ታኩር እጅ የለውም። እግር ግን አለው። ይረግጠዋል፣ ይረግጠዋል፣ ይረግጠዋል… ጋባር ሲንግ እዚያው አፈር ላይ ሞተ!»

ሴቶቹ እልል አሉ።

እኔ ምላሴን ይቁረጠውና «ውሸት ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ። «አልገደለውም፣ ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ደግሞ አንተ መጨረሻውን መች አየኸው? ሥራ ልትገባ ወጥተህ የለ?»

ጸጥ አለ። ጓደኛዬ ከጆንያው ላይ ሆኖ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ወረደና «እንግዲያው እጁን የተቆረጠ ሰው ይህን ሁሉ የደከመው፣ ፖሊስ መጥቶ እንዲወስድለት ነው?» አለኝ። «ፖሊሱማ እሱ ራሱ አልነበረም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ግን ትከሻዬን ነቀነቅኩና «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» አልኩት። እንደ ራጅ ውጤት።

ከዚያ ቀን በኋላ መተረኩን ተወ ብለው ነገሩኝ። ሴቶቹ ሲለምኑት «እሱን የጨረሰውን ሰው ጠይቁ» ይላል አሉ። በክረምቱ ከአንድ የቡና መኪና ጋር ሄደ። ወደ ቦንጋ በኩል ነው የሚልም አለ። አልተገናኘንም። ከብዙ ዓመት በኋላ ማረፉን ሰማሁ። ለቅሶ እንኳ የምደርስበት ቤት አላወቅኩም።

ለምን ይህን ሁሉ ታሪክ እንደማወራችሁ አሁን ነው የሚገባችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ስለ ሾላይ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ መጀመሪያ የቀረፀው መጨረሻ ሌላ ነበር። በዚያኛው ታኩር ጋባርን ይገድለዋል። የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ስለነበረ፣ የሳንሱር ቦርዱ «የቀድሞ ፖሊስ ሕግን በእጁ ሲያስገባ አናሳይም» አለ። ስለዚህ መጨረሻው እንደገና ተቀርፆ ፖሊሶች ገቡበት። ቆየት ብሎ የመጀመሪያው ቅጂ በቪዲዮ ይዞር ጀመር። በፈረንጁ 2025 ደግሞ ታድሶ፣ ከነዋናው መጨረሻው ጣሊያን አገር ቦሎኛ ላይ ታየ።

ገባችሁ? ጆንያ ላይ የቆመ፣ ህንድኛ የማያውቅ፣ መጨረሻውን ያላየ ሰው ነበር ትክክለኛውን የተናገረው። ሁለት ዓይን ይዤ እስከ መጨረሻው የተቀመጥኩት እኔ ያየሁት ሳንሱሩ ያስገባውን ነው። 38 ዓመት ሙሉ በጨለማ ክፍል የራጅ ፊልም ሳጥብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተሳሳትኩበት ንባብ የለም።

ምክር ጠይቃችሁኝ ነበር አይደል? «ብዙ እዩ፣ ከልዩ ልዩ አገር እዩ» የሚለውን ከእኔ አትጠብቁ፤ ታውቁታላችሁ። የምወቅሳችሁ ግን አለኝ። ፊልምን በፍጥነት አሳልፋችሁ ታያላችሁ። ባሰ ሲል ደግሞ አንዱ በአማርኛ በአሥር ደቂቃ ጨምቆ የሚተርከውን ስልካችሁ ላይ ሰምታችሁ «አየሁት» ትላላችሁ። ይህ ማየት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ጓደኛዬም ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው። ግን ይለያል። በምን እንደሚለይ አሁንም አልገባኝም፤ ግን ይለያል።

ደግሞ ደረጃ አታውጡ ልላችሁ ነበር። አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ መደርደር ደስ አይለኝም። ቢሆንም ሾላይን አንደኛ አድርጉልኝ። ዴርሱን አራተኛ። የኃይሌን ፊልም ያመጣው ልጅ ደግሞ ፊልሙን ይመልሰው። በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ከዚህ አገር አፈር ላይ የተቀረፀ ፊልም በአንድ ዓመት ልዩነት አይባረርም። በእርግጥ የ1976 ነው። ቢሆንም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል የነበሩ አንዲት እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። ቤታቸው ከፈረንጅ አራዳ ብዙም አይርቅም። ማክሰኞ ዕለት ቡና አፍልተው ሄጄ ተቀመጥኩ። በሁለተኛው ስኒ ላይ ሁሉንም አወራኋቸው፤ ሳንሱሩን፣ ቦሎኛን፣ የተቀየረውን መጨረሻ። ይቅርታ መጠየቄም ጭምር ነበር፤ ጓደኛዬን ባላገኘው እሳቸውን እንኳ። ሳበቃ አፋቸውን በነጠላቸው ጥግ ሸፍነው ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ ይህንን ለማወቅ ጣሊያን አገር ድረስ? ሰውየው ሽፍታውን ረግጦ እንደገደለውማ ያኔውኑ ነግሮን የለ?»

«እትዬ፣ እኔ መጥቼ ፖሊስ ወሰደው አላልኩም?»

ረከቦቱን እያስጠጉ ትንሽ አሰቡ።

«የምን ፖሊስ?» አሉኝ።