«እና ደንገጡር»፦ በታይታኒክ አንደኛ ማዕረግ እነማን ተሳፍረው ነበር?

ባለፈው ወር ስለ ታይታኒክ ለአንድ አንባቢ አጭር መልስ ሰጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። አብዛኛው የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችን የሚመለከት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። እኔ 17 ዓመት በመርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። የትኛውንም የመርከብ ታሪክ ስሰማ ቀድሞ የሚታየኝ ትሪ የያዘው ሰው ነው። መልሴም ወደዚያው ያደላል።

«የአንደኛ ማዕረግ ቲኬት ስንት ነበር? ለገንዘባቸውስ ምን ያገኙ ነበር?» (ከአዲስ አበባ)

ተራው የአንደኛ ማዕረግ አልጋ 30 ፓውንድ ገደማ ነበር። በሦስተኛ ማዕረግ የሄደው ስደተኛ 7 ወይም 8 ፓውንድ ከፍሏል። ሻርሎት ካርዴዛ የምትባል የፊላዴልፊያ ባለጠጋ ግን ከልጇ ጋር ለያዘችው ክፍል 512 ፓውንድ ከፍላለች። ሁለት መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎንና ለብቻዋ የምትንሸራሸርበት ሰገነት ነበረው። 14 ትልልቅ ሣጥን ልብስ ይዛ ነው የተሳፈረችው። በኋላ ጠፋብኝ ብላ ያቀረበችው የዕቃ ዝርዝር ከ177 ሺህ ዶላር በላይ ነበር።

መዋኛ ነበራቸው። የቱርክ የእንፋሎት መታጠቢያ ነበራቸው። ሦስት ሊፍት ነበራቸው። ጂም ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚወዛወዝ ፈረስና ግመል ሳይቀር ተቀምጦ ነበር። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ከ700 በላይ ሆነው የመታጠቢያ ገንዳቸው ሁለት ብቻ ነበር።

እራት ሲደርስ አንድ ሰው እየዞረ ጥሩምባ ይነፋል። የመጨረሻውን እራት የምግብ ዝርዝር ዛሬም ማንበብ ይቻላል። ቀኑ በፈረንጆች ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ነው። በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1904 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ። በኦይስተር ይጀመራል። ከዚያ ሾርባ፣ ሳልመን፣ የበግ ሥጋ፣ ዳክዬ፣ የርግብ ጥብስ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ኮክ በጄሊና አይስክሬም ይመጣል። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው ሰሃኑን ነው። በየምግቡ ሰሃን ይነሳል፣ ሹካና ቢላ ይቀየራል፣ ብርጭቆ ይሞላል። እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም።

ከዋናው የምግብ አዳራሽ ሌላ፣ ተጨማሪ የሚከፈልበት ምግብ ቤትም ነበር። በዚያ ምሽት የዋይድነር ቤተሰብ ለካፒቴን ስሚዝ ግብዣ ያደረገው እዚያ ነው። ምግብ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሉዊጂ ጋቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። ከ60 በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች። ከእነዚህ ውስጥ የተረፉት ሦስት ናቸው። ሁለቱ ገንዘብ ተቀባይ ሴቶች ሲሆኑ ከወንዶቹ የወጣው አንድ ብቻ ነው። ጋቲ ራሱም ሞቷል። ስለዚያ ግብዣ በተነሳ ቁጥር ይህም አብሮ ቢነገር ደስ ይለኛል።

«ጋሼ፣ እኔ ቤሩት ሰው ቤት ነው የምሠራው። አሠሪዬ ስትጓዝ ልጆቿን እንድይዝ አብሬያት እሄዳለሁ። የእነዚያ ሀብታሞች ሠራተኞች የት ነበር የሚተኙት? ማንስ አስታወሳቸው? ተርፈዋል?»

እህቴ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የያዘኝ ያንቺ ነው።

የመርከቡ ድርጅት፣ ዋይት ስታር፣ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችን ስም በትንሽ መጽሐፍ አትሞ ለራሳቸው ለተሳፋሪዎቹ ይሰጥ ነበር። ማን አብሯቸው እንደሚጓዝ እንዲያውቁ ነው። በዚያ መጽሐፍ የጌቶቹ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። ሠራተኞቹ ጋ ሲደርስ ስም የለም። «ኮሎኔል አስተር እና አሽከር» ይላል። «ወይዘሮ አስተር እና ደንገጡር» ይላል። አስተር አሜሪካዊ ባለጠጋ ነበር። በቃ። ቲኬታቸውም ከጌቶቻቸው ጋር በአንድ ላይ የተቆረጠ ነበር።

ስም ግን ነበራቸው። የአስተር አሽከር ቪክተር ሮቢንስ ይባላል። የሚስቱ ደንገጡር ሮዛሊ ቢዷ ትባላለች። አስታማሚዋ ካሮላይን ኤንድረስ ነበረች። እኔ ስሠራ ስሜ በደረቴ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሆኖም ለዓመታት የተጠራሁት በጣት ጥቅሻና «ቦይ» በሚል ቃል ነው። ስለዚህ እነዚህን ስሞች ስጽፍ ፊደል እንዳልስት እጠነቀቃለሁ።

የት ይተኛሉ ላልሽው፣ ብዙዎቹ አንደኛ ማዕረግ ውስጥ፣ ለጌቶቻቸው ቅርብ በሆነ አነስተኛ ክፍል ነበር። ደወል ሲደወል መድረስ አለባቸው። ምግብ ግን ከጌቶቻቸው ጋር አይበሉም። ለደንገጡሮችና ለአሽከሮች ብቻ የተለየ መመገቢያ ክፍል ነበር። ሾፌርና ወጥ ቤት ብዙውን ጊዜ በሁለተኛ ማዕረግ ይላካሉ።

ተርፈዋል ወይ? ሴቶቹ አዎ። የእንግሊዝ መርማሪዎች እንደቆጠሩት በአንደኛ ማዕረግ 144 ሴቶች ነበሩ፤ 140ዎቹ ተርፈዋል። የሞቱት አራቱ እመቤቶች ናቸው። ከደንገጡሮቹ አንዷም አልሞተችም። ወንዶቹ አሽከሮች ግን ከጥቂቶች በቀር አለቁ።

ኤለን በርድን ላስተዋውቅሽ። እንግሊዛዊት ናት። አይዳ ስትራውስ የቀጠሯት መርከቡ ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የአይዳ ባል ኢሲዶር ስትራውስ ሜሲስ የሚባለው የኒውዮርክ ትልቅ መደብር ባለቤት ነበሩ። አይዳ ወደ ጀልባ ግቡ ሲባሉ ከባለቤቴ አልለይም አሉ። ኤለንን ግን ጀልባ ቁጥር 8 ላይ አሳፈሯት። የፀጉር ካፖርታቸውንም አወለቁና ሰጧት። እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብለው ነው። ባልና ሚስቱ አብረው ሞቱ። ኤለን ኒውዮርክ ከደረሰች በኋላ ካፖርቱን ለሴት ልጃቸው ልትመልስ ሄደች። ልጅቱም እናቴ ላንቺ ነው የሰጠችሽ፣ ያንቺ ነው አለቻት። የሁለቱን አዛውንቶች ፍቅር ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ካፖርቱን ተሸክማ ወደ ቤታቸው የሄደችውን ሴት ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቃት።

ሌላዋ አሊስ ክሊቨር ናት። እሷም እንዳንቺ ሞግዚት ነበረች። የሞንትሪያሉ የአሊሰን ቤተሰብ ሁለት ልጆች ነበሩት፤ የሁለት ዓመቷ ሎሬይንና የ11 ወሩ ትሬቨር። አሊስ ሕፃኑን ታቅፋ በጀልባ ቁጥር 11 ወጣች። አባት፣ እናትና ሎሬይን መርከቡ ላይ ቀሩ፤ ሦስቱም ሞቱ። ከአንደኛና ከሁለተኛ ማዕረግ ልጆች የሞተችው ሎሬይን ብቻ ናት። በኋላ ሰዎች አሊስን ወቀሷት። ሕፃኑን ይዛ ባትጠፋ ኖሮ ወላጆቹ አይቀሩም ነበር አሉ። ይባስ ብሎ የገዛ ልጇን ገድላ የተፈረደባት ሌላ ሴት ስሟ ተመሳሳይ ስለነበር፣ የዚያችን ወንጀል በአሊስ ላይ ለጥፈው ለብዙ ዓመታት ጻፉባት። ስህተቱ የታረመው እሷ ከሞተች በኋላ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። አደራ የተሰጣትን ሕፃን በሕይወት አወጣች። ከዚያ በላይ ምን ይጠበቅባት ነበር?

ቪክተር ጂሊዮንም ልጨምር። የ23 ዓመት ወጣት ነው። ጌታው ባለጠጋው ቤንጃሚን ጉገንሃይም ነበር። ሁለቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ሞትን እንደ ጨዋ ሰው እንጠብቃለን ማለታቸው በየቦታው ይወራል። ያን ቃል የተናገረው ጌታው ነው፤ በሕይወት የወጣ አንድ አስተናጋጅ ለቤተሰቡ አደረሰው። የጂሊዮን ቃል ግን ይዞ የወጣ የለም።

«ሀብታሞቹ ወንዶች ቦታ ለቀው በክብር ሞቱ ይባላል። ሌላው ደግሞ በጉቦ አመለጡ ይላል። የቱ ነው እውነቱ?» (ከሐዋሳ)

ሁለቱም ሙሉውን አይናገሩም። ከ175 የአንደኛ ማዕረግ ወንዶች 57 ተርፈዋል። ከሦስተኛ ማዕረግ 462 ወንዶች የተረፉት 75 ናቸው። ከሁሉ የባሰው ሁለተኛ ማዕረግ ነው፤ ከ168 ወንዶች 14 ብቻ።

ብዙው የተወሰነው በቆሙበት ቦታ ነው። ጀልባዎቹ የተሰቀሉት ላይኛው ፎቅ ላይ፣ አንደኛ ማዕረግ በሚንሸራሸርበት አካባቢ ነበር። እነሱ በደረጃ ጥቂት ወጥተው ይደርሳሉ። ከታች ያለው ሰው መንገዱን እንኳ አያውቀውም። ደግሞ በግራ በኩል ያለው መኮንን ላይቶለር ሴቶችና ልጆች ብቻ አለ። በቀኝ በኩል ያለው መርዶክ ሴት ከጠፋ ወንድም ያሳፍር ነበር። በየትኛው ጎን እንደቆምክ ሕይወትህን ይወስናል።

አስተር የቆመው በግራ ነበር። ሚስቱ የ18 ዓመት ልጅ ናት፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። አብሬያት ልግባ ብሎ ጠየቀ። ላይቶለር አይሆንም አለው። አልተከራከረም፤ የጀልባዋን ቁጥር ጠይቆ ወደ ኋላ ተመለሰ። ልጁ በነሐሴ ተወለደ።

የጉቦው ወሬ የመጣው ከጀልባ ቁጥር 1 ነው። 40 ሰው የምትይዘው ጀልባ 12 ሰው ይዛ ወረደች። ሰባቱ መርከበኞች ነበሩ። የብሪታንያው መኳንንት ሰር ኮዝሞ ደፍ ጎርደን ከሚስቱና ከጸሐፊዋ ጋር እዚያ ነበር። ለእያንዳንዱ መርከበኛ 5 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ሰጠ። መርማሪዎቹ ጉቦ አይደለም ብለው ነፃ አወጡት። ነገር ግን ጀልባዋ ብትመለስ ኖሮ ጥቂት ሰዎችን ልታድን ትችል እንደነበር ጽፈዋል። እኔ የሚከብደኝ ገንዘቡ ሳይሆን እነዚያ 28 ባዶ ቦታዎች ናቸው።

«አንደኛ ማዕረግ ውስጥ አፍሪካዊ ነበር?» (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ነበር። ሐማድ ሐሳብ የሚባል የካይሮ ሰው። ለውጭ አገር ጎብኚዎች አስተርጓሚና አስጎብኚ ነበር። አሜሪካዊው ሄንሪ ሃርፐር ግብፅን ሲጎበኝ ቀጠረውና ይዞት ተነሳ። ሃርፐር፣ ሚስቱ፣ ሐማድና ትንሿ ውሻቸው ጀልባ ቁጥር 3 ላይ ተርፈዋል። እነ ካርዴዛም ከነሠራተኞቻቸው በዚያው ጀልባ ወጥተዋል።

በታይታኒክ ላይ ስለነበረ ጥቁር ተሳፋሪ ሰምተህ ከሆነ ግን፣ እሱ የሄይቲው መሐንዲስ ዦዜፍ ላሮሽ ይሆናል። እሱ በሁለተኛ ማዕረግ ነበር። ነፍሰ ጡር ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ ተረፉ። እሱ ሞተ።

«አስከሬናቸውስ? እዚያም ማዕረግ ነበር ወይ?» (ከባሕር ዳር)

አዎ፣ ነበር። መርከቡ ሌሊት 8 ሰዓት ከ20 ሲሰምጥ ወደ 1,500 ሰው ሞቷል። አስከሬን ፍለጋ ማካይ ቤኔት የምትባል፣ በባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ኬብል የምትዘረጋ መርከብ ከካናዳዋ ሃሊፋክስ ተላከች። 306 አስከሬን አወጣች። የጫነችው የሬሳ ሣጥንና አስከሬን እንዳይፈርስ የሚያደርግ መድኃኒት አልበቃም። አንደኛ ማዕረግ የነበሩት ሣጥን አገኙ። ሌሎቹ በሸራ ተጠቀለሉ። 116ቱ እዚያው ባሕር ውስጥ ተቀበሩ፤ አብዛኞቹ የመርከቡ ሠራተኞችና የሦስተኛ ማዕረግ ሰዎች ናቸው። ማንነት የሚለየው በልብስ ነበር። አስተርን ያወቁት በሸሚዙ ኮሌታ ላይ በነበሩት የስሙ ፊደላት ነው።

ይህን ስጽፍ ከባድ ነው። ግን የእነዚያኑ መርከበኞች ሌላ ሥራ ልንገራችሁ። ካወጧቸው አንዱ ጠያቂ ያልመጣለት ትንሽ ወንድ ልጅ ነበር። መርከበኞቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ቀብሩንና ሐውልቱን አሠሩለት። ነጩን ሣጥን ራሳቸው ተሸከሙ። «የእኛ ልጅ» የሚል የመዳብ ምልክትም አብረው ቀበሩ። ሃሊፋክስ ባለው ፌርቪው መቃብር ውስጥ «ያልታወቀ ሕፃን» ተብሎ ለ95 ዓመት ቆየ። በፈረንጆች 2007 በዘረመል ምርመራ ስሙ ታወቀ። ሲድኒ ጉድዊን ይባላል፤ የ19 ወር ልጅ፣ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ። እናቱ፣ አባቱና አምስት ወንድምና እህቶቹ አብረውት ሞተዋል።