የካኪው ዛፍ አይቆረጥ፣ ባቄላውም ይዘራ

በጃፓን፣ ቶኪዮ አጠገብ ባለችው ሳይታማ ጓሮ ያለው ቤት የተከራዩት እህታችን፣ ፍሬው አፍ የሚያኮማትረውን ዛፍ ማስቆረጥ ይሻል እንደሆነ፣ በኖቬምበር የሚዘራ ነገር መኖር አለመኖሩንና የረገፈውን ቅጠል ምን እንደሚያደርጉት ጠይቀዋል። እኔም ሳይታማ በምትገኝበት በዚሁ የካንቶ አካባቢ ከባለቤቴ ወላጆች ጋር አንድ ጓሮ ስለምንጋራ፣ በየዓመቱ የምናደርገውን እጽፍልዎታለሁ።

ዛፉ በእንግሊዝኛ ፐርሲሞን የሚባለው ካኪ ነው፤ እባክዎ አያስቆርጡት። ፉዩን የመሰለው የካኪ ዓይነት እንደተለቀመ የሚበላ ሲሆን፣ የእርስዎ ግን ሺቡጋኪ የሚባለው፣ ታኒን የተባለው አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር በምራቅ ስለሚሟሟ ምላስ የሚይዘው ነው። ሲደርቅ ታኒኑ ወደማይሟሟ መልክ ይለወጥና ጣፋጭነቱ ይወጣል። ፍሬው ገና ጠንካራ ሳለ፣ ክር የሚታሰርባትን ትንሽ የቅርንጫፍ ቁራጭ አናቱ ላይ አስቀርተው ይልቀሙት፤ ከዚያም ልጠው፣ በፈላ ውሃ ለጥቂት ሰከንዶች ነክረው፣ ዝናብ በማያገኘውና ነፋስ በሚያልፍበት የጣሪያ ጠርዝ ሥር እርስ በርሱ ሳይነካካ ይስቀሉት። ከሳምንት ገደማ በኋላ ላዩ ሲደርቅ በጣት ቀስ አድርጎ ማሸት ውስጡን ያለሰልሳል፤ በእኛ ቤት ልጆቹ የሚሻሙት ሥራ ይህ ነው። ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ የሚወጣው ነጭ ብናኝ ስኳር ስለሆነ አያስደንግጥዎ፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን ሻጋታ ነውና ይጣል። ከዛፉ ጫፍ ጥቂት ፍሬ ለወፎች መተው የአገሩ ልማድ ነው፤ ኪማሞሪ ይሉታል፤ እዚያ ድረስ መሰላል ከመውጣትም ያድናል።

የመዝሪያው ጊዜም አላለፈብዎትም። አገር ቤት ባቄላና አተር በክረምት ዝናብ ተዘርተው በመስከረምና በጥቅምት እሸት ሲሆኑ፣ እዚህ ግን ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ይዘሩና ብርዱን በችግኝነት አሳልፈው በሜይ ይደርሳሉ። ቀድመው ያልተዘሩበት ምክንያት አለው፤ ትንሽ ችግኝ ውርጭን ሲችል፣ አስቀድሞ የረዘመው ይመታል። የባቄላው ፍሬ ጥቁር መስመሩ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይቀበር። ሽንኩርት በችግኝ ይገዛል፤ ወፍራሙ በጸደይ አብቦ ራሱን ስለሚያበላሽ፣ ከእርሳስ ያልወፈረውን ይምረጡ። አመዳይ አፈሩን አንሥቶ ሥሩን ሲያጋልጠው፣ ዙሪያውን በእግር ረገጥ ረገጥ ማድረግ ይበቃል።

ከቅጠሉ በፊት ስለ ልጆችዎ አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁን ሮዝ አበባ ያወጣው የአጥር ተክል ሳዛንካ ከሆነ፣ ከቅጠሉ ጀርባ ቢጫ ጸጉር የለበሰ የእሳት ራት እንቁላል ክምር ሊኖር ስለሚችል በባዶ እጅ አይንኩት። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ጸጉር ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል፤ የእንቁላሉም እንዲሁ።

ቅጠሉን አያቃጥሉት፤ ቆሻሻን ሜዳ ላይ ማቃጠል ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጭሱም የጎረቤት ልብስ ላይ ያርፋል። በሳጥን ውስጥ ከሩዝ ፉርሽካና ከውሃ ጋር እያነባበሩ ረግጠው፣ አልፎ አልፎ ቢገለብጡት ለከርሞ መጸው ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። ፉርሽካው ሳንቲም እየተከፈለባቸው ሩዝ ከሚፈትጉት ማሽኖች ዘንድ ብዙ ጊዜ በነጻ ይገኛል። ጊንኮ የሚባለው ዛፍ ቅጠል ግን ቶሎ ስለማይበሰብስ ለብቻው ይለይ።