ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው ዝም ሲል፦ የጀልባ ሪሌና ሶሌኖይድ ጥያቄና መልስ

መካኒኩ፦ እሺ ጀመርን። ዛሬ የምመልሰው ስለ ጀልባ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር)፣ ስለ ሪሌውና ስለ ሶሌኖይዱ ብቻ ነው። ካርቡሬተርና ፕሮፔለር ሌላ ቀን። ስትጠይቁ ሁለት ነገር ጻፉልኝ፤ የሞተሩን ዓይነትና ቁልፉን ስታዞሩ የምትሰሙትን ድምፅ። ካቻቢቴያችሁን ደግሞ ከሪሌው አርቁት። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ዜጌ፦ ጋሼ፣ ሪሌው ጭራሽ ቢቀርስ? ቁልፉ ሞተሪኖውን በቀጥታ ቢያስነሳ የሚበላሽ ዕቃ ይቀንስልን ነበር።

መካኒኩ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦ እየው፣ ቀጭን ነው። ሞተሪኖው ግን ሞተሩን ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ያን ሁሉ ከረንት በቁልፉ በኩል ብታሳልፈው ቁልፉም ሽቦውም ይቀልጣል። ስለዚህ ሪሌው መሃል ይገባል። ቁልፉ ጥቂት አምፔር ብቻ ወደ ሪሌው ጥቅል ሽቦ ይልካል። ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፣ ውስጥ ያለውን የመዳብ ሳህን ይስባል፣ ሳህኑ ሁለቱን ወፍራም ቡሎኖች ያገናኛል። «ታክ» የምትለዋ ድምፅ ያቺ ናት። ከዚያ በኋላ ትልቁ ከረንት ከባትሪው በወፍራሙ ኬብል በኩል ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል።

ጀልባው ኋላ ላይ የሚታሰሩት የቤንዚን ሞተሮች አብዛኞቹ በዚህ ያበቃሉ። የሞተሪኖውን ጥርስ ወደ ፍላይዊሉ (የሞተሩ ትልቅ ጥርሳም ጎማ) የሚያወጣው ሪሌው አይደለም፣ ቤንዲክሱ ነው። ሞተሪኖው በድንገት ሲሽከረከር ጥርሱ በዘንጉ ጠመዝማዛ ላይ ይወጣና ይነክሳል።

ጀልባው ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው የናፍጣ ሞተር ግን ሌላ ነው። እዚያ ሶሌኖይዱ ሞተሪኖው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ብረቱን ስቦ በሹካ ጥርሱን ወደ ፍላይዊሉ ይገፋል። ጥርሱ ከገባ በኋላ ነው ትልቁን ከረንት የሚያገናኘው። ውስጡ ሁለት ጥቅል አለ፤ አንዱ በኃይል የሚስብ፣ ሌላው በትንሽ ከረንት ይዞ የሚያቆይ። ሳቢው መሬቱን (ኔጋቲቩን) የሚያገኘው በሞተሪኖው ውስጥ ነው። ትልቁ መገናኛ ሲገናኝ ግን በሁለቱም ጫፉ ፖዘቲቭ ይደርሰውና ሥራውን ያቆማል። ያዡ ብቻውን ይቀራል። ይህን ያዡን ልብ በሉት፣ ከታች ያስፈልገናል።

ሐይቅ ዳር፦ ሞተሬ አልነሳ አለኝ ጋሼ። ምን ላድርግ?

መካኒኩ፦ ይዞራል? ድምፅ አለው? የቤንዚን ነው የናፍጣ? እንዲህ ተጠይቄ ምን ልበል?

ሐይቅ ዳር፦ የቤንዚን መሰለኝ።

መካኒኩ፦ መሰለኝ? ቀጣይ።

ጫሞ፦ የእኔ 40 ፈረስ ጉልበት ነው። ወደ አዞ ገበያ እንግዶች ጭኜ ልነሳ ስል ታክ ታክ ታክ ታክ እያለ እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ሪሌውን ቀየርኩት፣ አዲሱም ያው ነው።

መካኒኩ፦ ገንዘብህን አባከንክ ወንድሜ። ሪሌው ደህና ነው፣ ምግብ አጥቶ ነው። ጥቅሉ ይስባል፣ ሞተሪኖው ከረንት መሳብ ሲጀምር የባትሪው ቮልት ወርዶ ወርዶ ጥቅሉ መያዝ ያቅተዋል፣ ሳህኑ ይለቃል። ጭነቱ ሲለቅ ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል፣ እንደገና ይስባል። ከላይ ያዡን ልብ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው፤ በናፍጣውም የሚለቀው እሱ ነው። ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ የባትሪው ራስና ኬብሉ መሃል ነጭና አረንጓዴ ዝቃጭ ተቀምጧል። ፍታው፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፣ አጥብቀህ እሰረው። የኔጋቲቩን ሌላኛውን ጫፍ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰረውን፣ አትርሳው። ሁሉም ሰው ፖዘቲቩን ብቻ ነው የሚያጸዳው።

ጣና ልጅ፦ እኔ ጋ ደግሞ አንድ «ታክ» ብቻ ነው። ከዚያ ጸጥ።

መካኒኩ፦ አሁን ወደምወደው ነገር መጣን። መልቲሜትር ያዝ። ማርሹ ኒውትራል ላይ ይሁን፣ ሞተሩ እንዳይነሳ የድንገተኛ ማጥፊያውን ክሊፕ ንቀል (አንዳንድ ሞተር ክሊፑ ሲነቀል ጭራሽ አይዞርም፤ ያንተ እንዲያ ከሆነ መልሰህ አስገባው)፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። የምትለካው እየተዞረ ነው። ቆሞ የሚለካ ባትሪ ይዋሻል፤ ሳይጫን 12.6 ቮልት ያሳየህና ሲጫን እጁን ይሰጣል።

መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ዘንጎች የባትሪው ራስ ላይ አስቀምጥ፣ ኬብሉ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ። ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ የባትሪውን ነገር ጨርስና ተመለስ። ካልወረደ አንዱን ዘንግ በሪሌው አንዱ ወፍራም ቡሎን፣ ሌላውን በሌላው ላይ አድርግ። ቁልፉ ሳይዞር 12 ገደማ ታያለህ። ሲዞር ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። እስከ 0.3 ድረስ ዝም በለው። 1 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ ውስጡ ያለው ሳህን ተቃጥሏል፣ ያኔ ሪሌ ግዛ። ዜሮ ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረስ? ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት በተመሳሳይ መንገድ ለካ። እሱም ንጹህ ከሆነ የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል፣ ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዟል። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ የገባበትም አንድ ታክ ብሎ ይቆማል፤ ስለዚህ ደጋግመህ አታስገድደው።

ባለ ገመድ፦ ይሄ ሁሉ ልኬት ለምን? ካቻቢቴ ሁለቱ ቡሎኖች ላይ ጣል ማድረግ ነው። ዕድሜ ልኬን እንዲሁ ነው የማስነሳው።

ጫሞ፦ አንተ የተረፍከው በዕድል ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ማርሽ ገብቶ ሳለ እንዲሁ አድርጎ ጀልባዋ ጥላው ሄደች።

ባለ ገመድ፦ ማርሹን ሳያይ የሚነካ ሰው ጀልባ ለምን ይነዳል?

ዜጌ፦ ገመድ ስቦ ማስነሳት እያለ ሁለታችሁም ምን ያጨቃጭቃችኋል?

መካኒኩ፦ በቃ። ካቻቢቴ አይደረግም አልኩ። ኒውትራል ስዊቹ ያለው ማርሽ እንደገባ እንዳይነሳ ነው። ካቻቢቴው እሱን ይዘለዋል። ጀልባው ይዘላል፣ የቆመው ሰው ውሃ ውስጥ ይወድቃል፣ ፕሮፔለሩ እዚያው ነው። ሁለተኛ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ካቻቢቴው ደግሞ ብልጭታ ነው። ገመድ መሳቡም ለትንሽ ሞተር እንጂ ለትልቅ አይሆንም።

ባሕር ዳር 4፦ ጋሼ፣ እዚህ ኦሪጅናል ሪሌ ውድ ነው። የባጃጅ ሪሌ ገጥሜ እየሠራ ነው።

ጣና ልጅ፦ እኔም ገጥሜያለሁ፣ ክረምቱን አሳልፎልኛል።

ጫሞ፦ የእኔ በሳምንቱ ተጣበቀ።

መካኒኩ፦ ባጃጅ 200 ሲሲ ገደማ ናት። ሪሌዋም ለእሷ ሞተሪኖ ነው የተሠራው። ለ15 ፈረስ ጉልበት ምናልባት። ለ40 እና ከዚያ በላይ ሳህኑ ቶሎ ይቃጠላል፣ ወይም ይበየዳል። ሲበየድ ቁልፉን ብትለቅም ሞተሪኖው አይቆምም። ያን ጊዜ ቁልፍ እያዞራችሁ አትደናገጡ፤ የባትሪውን ማብሪያ አጥፉ፣ ከሌለ የባትሪውን ኬብል ንቀሉ።

ጎርጎራ፦ እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሪሌ ያቃጥላል የሚባለው እውነት ነው?

መካኒኩ፦ ኒውትራል ላይ ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ተለያይቷል። እምቦጩ ቢጠመጠምም ሞተሪኖው አያውቀውም። ማርሽ ገብቶ በካቻቢቴ ለሚያስነሳ ሰው ግን አዎ።

ዜጌ፦ እምቦጩን በማሽን ከማውጣት በእጅ ይሻላል እኮ።

ጎርጎራ፦ በእጅ? ያን ሁሉ ሄክታር? አንተ አንድ ቀን መጥተህ አውጣ።

መካኒኩ፦ ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

እንግዳ፦ ጣና ላይ ሞተሬ ጉልበት የለውም። ሪሌው ይሆን?

መካኒኩ፦ አይደለም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ቀጣይ።

ዱባይ፦ እኔ የምሠራው የቤንዚን ሞተር ሆዳቸው ውስጥ ባለ ጀልባዎች ላይ ነው። አንዱ ባለቤት የመኪና ሞተሪኖ ግጠምልኝ፣ ቅርጹ አንድ ነው ይለኛል።

መካኒኩ፦ ቅርጹ አንድ ነው፣ ውስጡ አይደለም። የጀልባው ሞተሪኖና ሶሌኖይድ ብልጭታቸው ውጭ ያለውን ትነት እንዳይለኩስ ሆነው ነው የሚሠሩት። የመኪናው እንዲያ አይደለም፤ መኪና ሥር ነፋስ ይገባል፣ ጀልባ ሆድ ውስጥ አይገባም። እምቢ በለው። ጨው ውሃ ላይ ስለሆንክ ደግሞ እያንዳንዱን ራስ ካጸዳህ በኋላ ግሪስ ቀባው።

ሐመረ፦ እኔ ቁልፉን ሳዞር ምንም ድምፅ የለም ጋሼ። ታክም የለ። መብራቱ ግን በርቷል።

መካኒኩ፦ እህቴ ቢያንስ ድምፁን ጻፍሽ። የማርሹን እጀታ ኒውትራል ላይ ትንሽ ወዲህ ወዲያ እያደረግሽ ቁልፉን አዙሪ። ከተነሳ ኒውትራል ስዊቹ ነው። ካልሆነ ፊውዙን እዪ፣ ከዚያ በሪሌው ቀጭን ሽቦ ላይ ሲዞር 12 ቮልት ይደርስ እንደሆን ለኪ። ከደረሰና የጥቅሉ ኔጋቲቭም ደህና ከሆነ፣ ሪሌው ዝም ካለ ጥቅሉ ተበጥሷል።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ የእኔም ታክ ታክ ይላል፣ ሪሌ ልቀይር?

መካኒኩ፦ ለጫሞ የመለስኩትን አንብብ። አሁንም ሪሌ ልቀይር!

ጎርጎራ፦ የመጨረሻ። የናፍጣ ሶሌኖይድ ተፈትቶ ይሠራል ወይስ ይጣላል?

መካኒኩ፦ ክዳኑ በብሎን የታሰረ ከሆነ ይፈታል። መጀመሪያ ባትሪውን አላቅቅ። ክዳኑን ስታወጣ የመዳብ ሳህኑን ታያለህ፤ ጠርዙ ጠቁሮ ተበልቶ ታገኘዋለህ። አንዳንዱ ተገልብጦ በንጹህ ፊቱ ይገባል፣ ሌላ ዓመት ይሠራል። ሁለቱ የቡሎን ራሶች እኩል ካልተበሉ ግን ሳህኑ አንዱን ብቻ ይነካል፤ እነሱንም መቀየር ግድ ነው። ክዳኑን ስትመልስ የጎማ ማሸጊያውን አትተወው፣ ውሃ የሚገባው በእሱ ነው።