ያልተስማማሁበትን ቃለ ጉባኤ ልፈርም?

የጣና ዳር ደንገል ተመንጥሮ ቦታው ለግንባታ እንዲሰጥ በቀበሌ ስብሰባ ሲወሰን ተቃውመሃል፤ አሁን የቀበሌው ሰዎች ቃለ ጉባኤውን ፈርም ብለውሃል። ተቃውሞህ ሳይመዘገብ አትፈርም። «ብዙኃኑ ስለወሰነ የተቃወምክም ብትሆን ፈርም» ያሉህ ልክ አይደለም። የድምፅ ብልጫ ውሳኔውን ያሳልፋል እንጂ ያንተን አቋም አይለውጥም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት መያዝ እንደሚችል ይደነግጋል።

ነገ ቀበሌ ስትሄድ፦

1. ቃለ ጉባኤውን ራስህ እስከ መጨረሻው አንብበው።
2. «የጣና ዳር ደንገል ተመንጥሮ ቦታው ለግንባታ መሰጠቱን ተቃውሜያለሁ» የሚለው በልዩነት ሐሳብ ይመዝገብልኝ በል። ከተመዘገበ ከሥሩ መፈረም ትችላለህ። እምቢ ካሉህ ያንኑ በደብዳቤ አስገባና ቅጂህ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርግ።

ከሁሉ በላይ የመገኘት ፊርማውን ተጠንቀቅ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ስብሰባ ላይ አናቱ ባዶ የሆነ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፣ ስም መቆጣጠሪያ ነው ብለውን። ከወራት በኋላ ሳየው «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ተብሎ ተጽፎበታል። ስሜ 14ኛ ተራ ላይ ነበር፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ለታንኳ የሚያጭዱትን ደንገል ያጡ ጎረቤቶቼ «አንተም ነበርክበት?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።