ወደ ቤተ መዛግብት ለምትመጡ ልጆች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አይሁዳውያን እንዴት እንደተረፉ ማጥናት እንፈልጋለን እያላችሁ ምክር ለምትጠይቁኝ ወጣቶች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትመጡት የአንድ ጀግና ስም ይዛችሁ ነው። ክፋት የለውም። እዚያው ከቆማችሁ ግን የሥራውን ግማሽ ሳታዩት ትቀራላችሁ።

የቺዩኔ ሱጊሃራን ነገር እንይ። ሊትዌኒያ ውስጥ በካውናስ ከተማ የጃፓን ቆንስል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 የሰጧቸው የመሸጋገሪያ ቪዛዎች ዝርዝር እስካሁን አለ፤ 2,140 ስሞች ተጽፈውበታል። ጀማሪ ስሞቹን ይቆጥርና «ይህን ያህል ሰው ተረፈ» ይላል። ዝርዝሩ ግን እንዲህ አይልም። አንዱ ቪዛ መላ ቤተሰብ አሻግሯል፤ ሌላው ሳይሠራበት ቀርቷል። ደግሞስ መሸጋገሪያ የሚጠይቅ ሰው መድረሻው የት ነው? መድረሻውን የሰጡት የኔዘርላንድ የክብር ቆንስልና የፊሊፕስ ኩባንያ ወኪል የነበሩት ያን ዝዋርተንዳይክ ናቸው። በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የኔዘርላንድ ግዛት ወደ ኩራሳው ደሴት ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም ብለው በስደተኞቹ ሰነድ ላይ ጻፉ፤ የአገረ ገዥው ፈቃድ ግን ግድ መሆኑን ሳይጽፉት አለፉ። (ሆን ተብሎ የተዘለለ ሐረግ እንዲህ ሲጠቅም ብዙ አላየሁም።)

ኩራሳውንስ ማን አሰባት? ስደተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ሊትዌኒያ ውስጥ የሺቫ (የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ይማር የነበረው ኔዘርላንዳዊው ናታን ጉትዊርት ቆንስሉን ጠየቀ። ከፖላንድ የሸሹት ጠበቃ ዘራህ ቫርሃፍቲግ ደግሞ በዚያ መንገድ ሌሎች እንዲወጡ ሲሯሯጡ ከረሙ። የተረፉት ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አዳኝ የሚጠብቁ አልነበሩም። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ይህን ከወረቀት ላይ በማውጣት ነው።

ይህ ለምን ተሸፈነ ብትሉ፣ አንዱ ምክንያት የመዝገቡ አሠራር ነው። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ «የአሕዛብ ጻድቃን» የሚለውን ማዕረግ የሚሰጠው ያለ ክፍያ፣ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው አይሁድን ላዳኑ አይሁድ ላልሆኑ ሰዎች ነው። ለእያንዳንዱ ምስክርነት ይሰበሰባል፣ ኮሚሽን ይመረምራል፣ ፋይል ይከፈታል። እኔ ማዕረጉን አከብራለሁ። ነገር ግን አይሁዳዊ ሆኖ አይሁድን ላዳነ ሰው እንዲህ ያለ ፋይል አልተከፈተም። በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ሙሳ አባዲና ኦዴት ሮዘንስቶክ 527 ሕፃናትን ደብቀዋል፤ የእያንዳንዱን ልጅ እውነተኛ ስምና የሐሰት ስም በካርድ ይዘው ነበር። ሽፋን የሰጧቸው ጳጳስ ፖል ሬሞን ማዕረጉን አግኝተዋል። ሁለቱ ግን አይሁድ ስለነበሩ ደንቡ አይመለከታቸውም። አባዲም ለረጅም ዓመታት ስለዚያ ሥራ አፋቸውን ዘግተው ኖረዋል። ስለዚህ አንድ ፋይል ወፍሮ ስታዩት፣ ማን ለምን እንዳወፈረው ጠይቁ።

ቋንቋ ሳትይዙ አትምጡ። ፖሊሽ፣ ይዲሽና ጀርመንኛ የማያነብ ሰው የሌላ ሰው ትርጉም ምርኮኛ ነው። ያው አንድ ሰው በሦስት ሰነድ ላይ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይመጣባችኋል። ከቀኑ አብዛኛው የሚያልፈው ደግሞ የዛገ አግራፍ በመንቀልና ወረቀት በመቁጠር ነው። ይህ ካሰለቻችሁ ሌላ ሙያ ፈልጉ፤ ቅር አይለኝም።

እዚህ እስራኤል ላላችሁ የቤተ እስራኤል ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተደረገው ጉዞ ታሪክም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከውጭ በመጡት አዳኞች በኩል ነው። መምህሩ ፈረደ አክሉም ከሱዳን ደብዳቤ ጽፈው መንገድ ባያስከፍቱ፣ ሌሎችም ወገኖቻቸውን በሌሊት እየመሩ ባያሻግሩ ኖሮስ? ከነዚያ መንገድ መሪዎች ዛሬም ሳሎን ቁጭ ብለው ቡና የሚጠጡ አሉ።

ሄዳችሁ ቅረጿቸው። ስትቀርጹ ግን አንድ ወጥመድ አለ። አባት «በሰባ ሰባት ወጣን» ይላሉ፤ ካታሎግ የሚሠራው ሰው የፈረንጅ ዓመት መስሎት 1977 ብሎ ይመዘግባል፤ እ.ኤ.አ. የ1984ቱ ጉዞ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከሌላ ዘመን ሰነድ ጋር ይቀመጣል። የተነገረውን እንዳለ ጻፉ፣ አጠገቡ የፈረንጁን ዓመት አስፍሩ፣ የትኛው የማን እንደሆነም ምልክት አድርጉ። ወሩን የማያስታውሱ ከሆነ ከሲግድ በዓል በፊት ነው በኋላ ብላችሁ ጠይቋቸው።